ከሱቁ ጀርባ ያለው ፍራሽ

ኹርሲ ፍራሹን በአንድ ጫፉ ይዛ ከክፍሉ ወደ ግቢው እየጎተተች ሳለ ኻሊፍ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። ፍራሹ መቃኑ ላይ ተይዞባት ነበር። ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ በክርኗ መለሰችው።

«ተወው። እንግዳ ፍራሽ አይሸከምም።»

እንግዳ ያለችው ባሏ ቤቱ ስለማያድር ነው። ከረመዳን ወዲህ ማደሪያው መጋላ ገበያ ጥግ ያለችው የስፖንጅና የላስቲክ ሱቁ ሆናለች። «ሌባ በዝቷል» ብሎ ነበር የጀመረው። ስፖንጅ ተሸክሞ በዚያ ጠባብ መንገድ የሚሮጥ ሌባ ግን ማንም አይቶ ስለማያውቅ፣ ሠፈርተኛው የራሱን ምክንያት አገኘለት፤ ኻሊፍ ሳቢያን ሠፈር ሌላ ሚስት አስቀምጧል ተባለ። ወሬው ኹርሲ ጆሮ ደረሰ፤ ከዚያ እሱም ሰማው። አላስተባበለም። ኹርሲ ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠረችው፤ እሱም እንደዚያ እንድትቆጥረው ተዋት።

ፍራሹን ከውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አስደገፈችው፤ የረጠበውን ፊት ወደ ግድግዳው፣ ንጹሑን ወደ ውጪ አድርጋ። እንደዚህ የቆመ ስፖንጅ ሲደርቅ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ሽታውም ውስጡ ይቀራል። ኻሊፍ ይህን ያውቃል፤ ግን አልተናገረም። ኹርሲ ገርበብ አድርጎት የገባውን የግቢ በር ሄዳ ዘጋችና መቀርቀሪያውን ወረወረች። ፍራሽ በወጣበት ቀን በሩ ክፍት አይውልም። ፍራሽ የማይወጣበት ቀን ደግሞ የለም።

ሆዳን በርሜሉ ሥር ቁጢጥ ብላ የሌሊት ቀሚሷን ታጥባለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ዐማል፣ የኻሊፍና የኹርሲ ልጅ፣ ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ከሄደች ጀምሮ ያደገችው በአያቶቿ እጅ ነው። ኻሊፍ ሲገባ ቀና አላለችም።

«ዐማል ደውላ ነበር» አለች ኹርሲ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ፋራህ ከነገ ወዲያ ሲወርድ ሆዳንን ይዟት ይምጣ ብላለች። ባልየውም እሺ ብሏል።»

ፋራህ የበኩር ልጃቸው ነው፤ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ኻሊፍ።

«ምኑ ነው አልሐምዱሊላህ? ያላቸው አንድ ክፍል ነው አቦ። ይሄን ጉድ ይዛ የእንጀራ አባት ክፍል ውስጥ ልትተኛ? አንድ ቀን ይታገሳል፣ ሁለት ቀን ይታገሳል። ከዚያ ልጅቷን ከነእናቷ ነው የሚያወጣልህ።»

ሆዳን ቀሚሱን ማሸቷን አቆመች።

«እና ምን አሰብሽ?»

«ሰገል ዛሬ ገበያ ወጥታለች። ከዙህር በኋላ እመጣለሁ ብላኛለች።»

ሰገል ኻሊፍ ያደገበት የጀልዴሳ መንደር ሴት ናት። ወገቡን ለሚያመው፣ ዓይኑ ቢጫ ለሆነ፣ ሌሊት ሽንት ለሚያመልጠው ልጅ፣ ቀጭን እንጨት በፍም አግላ ትተኩሳለች። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባቷ ደግሞ በጊዜው ኻሊፍን፣ ልክ ሆዳንን ሲያህል፣ ወገቡ ላይ ሦስት ቦታ ተኩሶታል።

«ሐኪም ብናሳያት?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንተን ያዳነህ ሐኪም ነው?» ኹርሲ ክንዱን ይዛ ወደ በርሜሉ ሳበችው። «ይልቅ ና ጀርባህን አሳያት። ስታለቅስ ነው ያደረችው። ሰው እንደማይሞትበት ትይ። ናያ ሆዳን፣ ነይ።»

ልጅቷ እጇን እያራገፈች መጣች። ኹርሲ ሸሚዙን ከኋላ ገለጠችው። እነዚያን ጠባሳዎች ኻሊፍ በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። የሚያውቃቸው በጣቱ ነው፤ አንዱ አከርካሪው ላይ፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ። አሁን ከውሃ የወጣ ቀዝቃዛ የልጅ ጣት አንድ በአንድ ነካቸው።

«ያማል አዎዌ?» አያቷን በሶማሊኛ እንደዚያ ነው የምትጠራው።

«ቶሎ ያልፋል።»

«ከዚያ በኋላ ተወህ?»

የጠየቀችው ጀርባውን ነበርና ፊቱን አላየችም። አፉን ከፈተ። ኹርሲ ቀደመችው።

«ተወው እንጂ። በዚያው ሌሊት ነው የተወው። ጀልዴሳ በሙሉ የሚያውቀው ነው።»

ኻሊፍ ሸሚዙን አወረደ። «ዳቦው ሳይቀዘቅዝ ብሉ» አለና ወጣ። ከኋላው መቀርቀሪያው ሲወረወር ሰማ።

በዚያው ሌሊት አልተወውም ነበር። ቁስሉ አመርቅዞ ስለነበር በሆዱ ተኛ፤ በሆዱ እንደተኛ ረጠበ። ሽማግሌው የሰገል አባት ለእናቱ «ከተመለሰበት ሦስት እንጨምርለታለን» ሲል ሰምቷል። ስለዚህ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ እየነቃ ሰሌኑን መገልበጥና ከሥሩ ደረቅ አሸዋ መበተን ለመደ። ከዐሱር ሶላት በኋላ ውሃ አይቀምስም ነበር። እናቱ ጠዋት ጠዋት ሰሌኑን በመዳፏ ስትዳስሰው ደረቅ ሆነላት። ማንም እሱን የጠየቀ የለም፤ አንዱ ለሌላው ነገረ እንጂ። ከዚያ በኋላ ልጆቻቸውን ወደ ሽማግሌው የሚወስዱ እናቶች መጀመሪያ ጎራ ብለው የሚያዩት የእሱን ጀርባ ሆነ። ነገሩ የለቀቀው ቆይቶ፣ ጢሙ ማቀምቀም ሲጀምርና የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ በየመንገዱ ማደር ሲጀምር ነው። እንዴት እንደለቀቀው እስከ ዛሬ አያውቅም።

አሁን፣ ስድሳ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ መነሳት ብቻ ነበር። ተነስቶ መጸዳጃው ጋ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጠብ ጠብ ብሎ ያበቃል፤ ገና ጎኑ ሳያርፍ ይነሳል። ረመዳን ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሳይነቃ ቀረ። ኹርሲ ለሱሁር ምግብ ልታሞቅ ወጥታ ነበር። ጆጉን አንስቶ ውሃውን አንሶላው ላይ ገለበጠና «ስጠጣ ተደፋብኝ» አላት። በማግስቱ ሌባ በዝቷል አለ።

ሱቁ ውስጥ ከሚሸጠው ላስቲክ ቆርጦ ፍራሹ ላይ እያነጠፈ ይተኛል። ላስቲኩ ግን ሲገላበጥ ይሸሻል። ጠዋት ጠዋት ፍራሹን ከሱቁ ጀርባ፣ በሁለት ግድግዳ መካከል ባለችው ክፍተት ያቆመዋል።

ዳቦውን አድርሶ ሱቁ ሲመለስ አንዲት ሴት መጥታ የትራስ ዋጋ ጠየቀች፤ ከዚያ የምንጣፍ ጠየቀች፤ ከዚያ ድምፅዋን አጥፍታ ላስቲክ አለች። ለጠረጴዛ ላስቲክ የሚፈልግ ሰው ከመንገድ ላይ ሆኖ ነው የሚጣራው። ኻሊፍ «ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁለት?» ብሎ አልጠየቃትም። አስረዝሞ ቆረጠላትና በጋዜጣ ጠቀለለላት። ስትወጣ ዓይኑን አላየችውም።

ፊት ለፊቱ መድኃኒት ቤት ያለው ሣህሉ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ተሻገረ። መጋላ ተወልዶ ስላደገ ትልልቅ ሰዎችን እንደ ሶማሌዎቹ «አደር» ነው የሚላቸው።

«አደር፣ ፊትህ ምን ሆኗል? የሳቢያኗ ቁርስ ከለከለችህ?»

«ዝም በል አንተ። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለደንበኛዬ ነው።»

«እሺ፣ ለደንበኛህ።»

«ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ አለችው። ሌሊት ሽንት ያመልጣታል። ሊያስተኩሷት ነው።»

ሣህሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «መተኮስ ለዚህ ምንም አያደርግም። ጤና ጣቢያ ይውሰዳት። ሽንቷን ይመረምሩላታል፤ የሆድ ድርቀት ይኖርባት እንደሆነም ያዩላታል። ብዙዎቹን ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ፈልጋ የምታደርገው ነገር አይደለም በለው።»

«ሌላም ደንበኛ አለኝ። ትልቅ ሰው ነው።»

«ሌሊት ሌሊት የሚነሳ?»

«የሚነሳ። አንዳንዴ ደግሞ የማይነሳ።»

ሣህሉ ወደ ጀርባ የሚያስወጣውን በር ተመለከተ። «ያ ፍራሽ እስካሁን አልተሸጠም?»

«የትኛው?»

«ጠዋት ጠዋት እዚያ የሚቆመው።»

ኻሊፍ ሻዩን በማንኪያ አማሰለ። ስኳሩ ቀድሞ ሟሙቷል።

«ለሁለተኛው ደንበኛህም ንገረው» አለ ሣህሉ ቀስ ብሎ። «በሱ ዕድሜ ብዙ ወንድ የሚቸገርበት ነገር ነው። ፕሮስቴት ሊሆን ይችላል፣ ስኳርም ሊሆን ይችላል። ሳይመረመር አይታወቅም። በሳቢያን ሚስት ግን አይድንም።»

ኻሊፍ ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

«ልጅቷን መቼ ነው የሚተኩሷት?»

«ከዙህር በኋላ።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

አዛኑ የተሰማው በዚህ መካከል ነው። ሰግጄ በቀጥታ እሄዳለሁ ብሎ አሰበ። በሶላቱ መሐል የሚናገረውን ለማሰናዳትም ጊዜ አገኛለሁ አለ። ድሮ ከፊተኛው ሰልፍ የማይጠፋ ሰው ነበር፤ ከረመዳን ወዲህ የሚቆመው በመጨረሻው ሰልፍ፣ ከጫማዎቹ አጠገብ ነው። ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ «ኹርሲ፣ እኔም እኮ» የሚለውን ጀመረ። ከ«እኔም እኮ» በኋላ የሚመጣውን ቃል አላገኘውም።

ሶላቱን ጨርሶ ሲነሳ ሽንቱ ያዘው። ቤት እስኪደርስ እንደማይቆይለት ያውቃል። የመስጊዱ መጸዳጃ ጋ ተራ ጠብቆ ገባና ቆመ። አልመጣም። ወገቡን ጎንበስ ቀና አደረገ፤ ቧንቧውን ከፈተና የውሃውን ድምፅ አዳመጠ። በሩ ተንኳኳ።

«ወሪያ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?»

ጠብ ጠብ ማለት ጀመረና ቆመ። ሱሪውን ሲያስተካክል ደግሞ መጣ። ሲወጣ ከመስጊዱ የሚወጣው ሰው አልቆ ነበር፤ በረንዳው ላይ የቀረው ጫማ የእሱ ብቻ ነው። የመጋላ መንገዶች በቀትር ሙቀት ጭር ብለዋል። ሊሮጥ ሞከረና ከታች ከበደው፤ በፍጥነት ተራመደ።

የግቢው በር ተቀርቅሯል። ሲያንኳኳ ማንም አልመለሰለትም። በበሩ ስንጥቅ የከሰል ሽታ መጣ፤ ከከሰሉ ጋር ሌላ፣ የማይረሳው ሽታ መጣ። በመዳፉ ደበደበው።

ኹርሲ ከፈተችለት። ፊቷ በላብና በእንባ ርሷል። «እንኳን መጣህ። እግሯን ያዝልኝ፣ ብቻዬን አቃተኝ።»

ሆዳን ከጥላው ሥር ምንጣፍ ላይ በደረቷ ተኝታለች። የሴት አያቷን ሻሽ ነክሳለች። አታለቅስም፤ ትተነፍሳለች ብቻ። አከርካሪዋ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል፣ ዙሪያዋ የቀላ ነጭ ቁስል አለች። ሰገል ከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ፣ ጫፋቸው ከጋለው እንጨቶች ሁለተኛውን ትመርጣለች።

«ይበቃል» አለ ኻሊፍ።

«ሦስት ነው» አለች ሰገል። ረጋ ያለች፣ ፊቷ የደከመ አሮጊት ናት። «በአንዱ የዳነ አላየሁም። አሁን ካቆምን በከንቱ ነው ያሳመምናት።»

«በከንቱ ነው። ለእኔም አልሠራም።»

ኹርሲ ላቧን መጥረግ ትታ አየችው። «አትዋሽ። አሳዝናህ ነው። እኔንም አሳዝናኛለች።»

«ወላሂ ኹርሲ። ያኔም አልተወኝም። አሁንም አለ።»

«አሁንም? ልጆች ወልጄልህ፣ እዚሁ አጠገብህ ኖሬ፣ እኔ የማላውቀው? ለየትኛዋ ነው ይሄን ወሬ የምታወራው፣ ለሳቢያኗ?»

«ኻሊፍ፣ የምትናገረው ሙት ላይ ነው» አለች ሰገል ድምፅዋን ሳታነሳ። «እናትህ አባቴን ለማመስገን ፍየል ይዛ መጥታ ነበር። የፍየሏን ገመድ የተቀበልኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እናቴ ያየችው ያሳየኋትን ነው።»

«እንጨቱ እየበረደ ነው። ተነጋገሩና ወስኑ።»

ኻሊፍ ሁለቱንም ተመለከተ። ምንም ቢምል ማስረጃው ጀርባው ነው፤ ጀርባው ደግሞ የሚመሰክረው ለእነሱ ነው።

«ሆዳን» አለ። «ተነሽ። ክፍል ግቢና ከውስጥ ቆልፊ። እኔ እስክመጣ ለማንም እንዳትከፍቺ።»

ልጅቷ ሻሹን ከአፏ አወጣች። ኹርሲን አየች፤ ከዚያ ልብሷን በእጇ ከቁስሉ አርቃ ይዛ፣ በእርምጃዋ ሁሉ ተጠንቅቃ ገባች። ቁልፉ ሲዞር ሦስቱም ሰሙት።

ኻሊፍ ሱቁ ሲደርስ ከፊት አልገባም። በጎን ዞሮ ወደ ክፍተቷ ገባና ፍራሹን አወጣው። የሌሊቱ እርጥበት ገና አልደረቀም። ሣህሉ ከመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ አይቶት ሊያግዘው ተነሳ። ኻሊፍ ራሱን በአሉታ ነቀነቀና ፍራሹን አናቱ ላይ ጫነው።

የሻይ ቤቱ ጥላ ሥር ሰዎች ተቀምጠዋል። የባጃጅ ሹፌሩ ሙመድ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ ይጠብቅ ነበር።

«ኻሊፍ፣ ለሙሽሪት ነው? ለሳቢያን ከሆነ በነጻ ልጫንልህ አቦ።»

ሳቁ ከጥላው ሥር ተከታትሎ መጣ።

«ወደ ቤቴ ነው» አለ ኻሊፍ ሳይቆም።

በአጠገባቸው ሲያልፍ የፍራሹ ጫፍ በሙመድ ፊት አለፈ። ሳቁ ከኋላው አንድ በአንድ ተቋረጠ። ይህን ያህል ዓመት ሲመላለስበት የኖረው መንገድ በዚያን ቀን ረዘመበት።

ግቢው ሲገባ ፍራሹን ከሆዳን ፍራሽ አጠገብ አስደገፈው። እጁ ልማድ ሆኖበት የቆሸሸውን ፊት ወደ ግድግዳው አዞረው። ኹርሲ ተጠጋችና ከግድግዳው ፈልቀቅ አድርጋ አየች። መዳፏን ላዩ ላይ አሳረፈች፤ በየጠዋቱ የልጅቷን ፍራሽ እንደምትዳስሰው።

«የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረመዳን። ያን ቀን አንሶላው ላይ የተደፋው ውሃ ብቻ አልነበረም።»

ፍራሹን ለቀቀችው፤ ግድግዳው ላይ ተመለሰ። «ሳቢያንስ?»

«ሳቢያን ማንም የለኝም።»

ኹርሲ በአፉ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። «ስንቱን ሌሊት እያለቀስኩ እንዳነጋሁ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅክ ተውከኝ።»

ሰገል ፍሙ ላይ ውሃ አፈሰሰች። እንጨቶቿን በጨርቅ ጠቀለለች። ኻሊፍን ደጋግማ አየችው፤ አባቷን ልታስታውስ ይሁን የተኮሰቻቸውን ሌሎች ልጆች ልትቆጥር አይታወቅም። «ቁስሏን ማር ቀቡላት» አለች ለኹርሲ፤ ለኻሊፍ ሰላምታ ሳትሰጥ ወጣች። የግቢው በር ከኋላዋ እንደተከፈተ ቀረ።

«ዐማልን ምን ልንላት ነው?» አለች ኹርሲ።

«እኔ እነግራታለሁ። የልጅቷንም፣ የእኔንም። ፋራህ ለአሁኑ ብቻውን ይውረድ።»

ቁልፉ ዞረና ሆዳን ወጣች። ሰገል መሄዷን በዓይኗ አረጋገጠች። ከሁለቱ ፍራሾች ፊት መጥታ ቆመች፤ የራሷን አየች፤ ሌላውን አየች። ጠዋት ኻሊፍ ጀርባውን ሰጥቷት ነበር። አሁን ፊት ለፊት ናቸው።

«አዎዌ፣ ጠዋት ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» አለ። «ሁለታችንም።»

«የጠየቅኩህ እሱን አይደለም።»

ኻሊፍ አያት። ዓይኖቿ ደረቅ ነበሩ፤ እጇ ልብሷን ከቁስሏ አርቆ እንደያዘ ነው።

በሩ ላይ የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው አንገታቸውን አስግገዋል። አንዱ አፍንጫውን ያዘና «ሽንታም» አለ፤ ለማን እንዳለው አይለይም። ኹርሲ በሩን ልትዘጋ ከባልዲው ተነሳች።

«ተዪው» አለ ኻሊፍ።

ወደ ግድግዳው ሄዶ የሆዳንን ፍራሽ በሁለት እጁ ያዘ፤ ገልብጦ የረጠበውን ፊት ለፀሐይ ሰጠው። ከዚያ የራሱን ገለበጠ።

«እንዲህ ሲሆን ነው ቶሎ የሚደርቀው» አለ።